ለሰንበት መንገድ ስለሚመረጥ አሮጌ አውቶሞቢል

ቀድሞ በኢትዮጵያ ባለ ማዕርግ የሆነ ሰው ለበዓልና ለሰንበት መንገድ የሚቀመጥባትን ሰጋር በቅሎ በሚገዛበት ጊዜ ጥርሷንና ኮቴዋን፥ ጀርባዋንና አረማመዷን ይመረምር ነበር እንጂ ኮርቻዋን ብቻ አይቶ ዋጋ አይቈርጥም ነበር። ጌጥ ከአንዲቱ በቅሎ ወደ ሌላይቱ ይዛወራል፤ የተሰነጠቀ ኮቴ ግን በብር ልጓም አይድንም።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ከተቀበሉ ወዲህ የበቅሎ ስፍራ ቀስ በቀስ በአውቶሞቢል ተያዘ፤ የመምረጥ ጥበብ ግን ከበቅሎይቱ ጋራ አብሮ የተረሳ ይመስላል። ይህም ይልቁን የሚታየው ሀብት ያለው ሰው ለሥራ ቀን ሳይሆን ለቅዳሜና ለእሑድ የሚሆን፥ ሁለት በር ብቻ ያለው፥ ኩፔ የሚባለውን አሮጌ የቅንጦት አውቶሞቢል ለመግዛት ሲነሣ ነው።

ይህን ምኞት ፈጽሞ ከንቱ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። ነገር ግን በጥሩ እጅ የተሠራን ነገር ጠብቆ ለተከታይ ትውልድ ማስተላለፍ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ የብራና መጻሕፍትን እየደጐሱ እስከ ዛሬ ያቈዩ ካህናት ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ የሚመረጠው በአገር ውስጥ ካለው ብቻ ሆኗል። አንዱ ባለማወቅ በተበላሸና ለላሜራው ብቻ በተሸጠ ጊዜ የሚተካው የለም። ስለዚህ ገዢው ለራሱ ደስታ ብቻ የሚገዛ ሳይሆን ጠባቂ ሆኖ የሚሾም ነው፤ ሊጠብቀው የማይችለውን ግን ባይገዛው ይሻላል።

ለአሰላ ሰው የምርጫው መጀመሪያ መንገዱን ማወቅ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከአዳማ ወዲያ ያለው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ በዴራ፥ በኢተያና በጎንዴ በኩል እያለፈ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ወደሚያህለው የአሰላ ከፍታ ይወጣል። የጭላሎን ተራራ በግራ እያየ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚሄድ ሰው ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይደርሳል። በአሰላ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራቱ እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ አየርን በራሱ የሚስብ አሮጌ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ያጣል። ለቈላ በተስተካከለ ካርቡራተር ላይ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቍራል፥ ማርሚታውም ጥቍር ጢስ ያወጣል። ይህ የሞተሩ በሽታ ሳይሆን የአገሩ ጠባይ ነውና መካኒክ ቤንዚኑን ቀንሶ ያስተካክለዋል። በቍልቍለቱ ግን የሚፈተነው ፍሬኑ ነው፤ በማርሽ እየያዙ መውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ መታመን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ነገር መካኒክ ነው። ካዱ በሚባል ስም የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በስዊድን መንግሥት ርዳታ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1967 ከተጀመረና ትራክተርና ኮምባይነር በአርሲ የስንዴ ማሳ ላይ ከበዙ ወዲህ፥ የሞተር ጥገና በዚያ አገር እንግዳ ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ትራክተር የሚያድን እጅ ሁሉ የማያውቀውን ሞተር ያድናል ማለት አይደለም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1975 የወጣው ጃጓር ኤክስ ጄ ኤስ ባለ 12 ሲሊንደር፥ 5.3 ሊትር ሞተር ያለው ድንቅ ሥራ ነው፤ ዕቃውና ባለሙያው በሌለበት ስፍራ ግን በድንኳን ተሸፍኖ ይኖራል እንጂ መንገድ አያይም። በአንጻሩ ከ1977 እስከ 1980 የተሠራው መርሴዲስ 230 ሲ አራት ሲሊንደርና ካርቡራተር ያለው ሲሆን፥ ሞተሩና ካምቢዮው ባለ አራት በር ከሆነው ወንድሙ ጋራ አንድ ነው። የዚህ ዐይነት አውቶሞቢል በጠቅላላው ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚደርስ ስለ ተሠራ ዕቃው እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ከእነዚያ መካከል ኩፔዎቹ ወደ 100,000 ብቻ ናቸው። የ109 ፈረስ ጕልበቱ በአሰላ ከ80 ብዙ ባያልፍም ለሰንበት መንገድ ይበቃል። የመስኮቶቹ መስተዋቶች ሁሉ ሲወርዱ በመካከል የሚከልል ዐምድ ስለሌለው፥ ከደጋው ማሳ የሚመጣው ነፋስ ከጐን እስከ ጐን ያልፋል፤ ውበቱም ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ጥበበኛ መራጭ ዘመዶቹ በአገሩ ያሉትን ኩፔ ይሻል።

ሦስተኛው ነገር ላሜራው ነው። ሞተር በገንዘብ ይታደሳል፤ ዝገት የበላው አካል ግን የባትላሜራን ጥበብና የባለቤቱን ትዕግሥት ይጨርሳል። በዝናምና በጭቃ አገር የኖረ አውቶሞቢል ከባትሪው በታች፥ ክሪክ በሚገባበት ስፍራና በኋላው መስተዋት ጠርዝ ይመርመር። ከሚያብረቀርቅ ቀለም በታች ስቱኮ የተሞላበትን ስፍራ ማግኔት ያጋልጠዋል፤ ማግኔት ላሜራን ይይዛል እንጂ ስቱኮን አይዝምና። ሞተሩም በማለዳ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሣ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ቢቈይ ምክንያቱ ይጠየቅ። በሊብሬው የተጻፈው ቍጥር በሻንሲውና በሞተሩ ላይ ከተቀረጸው ጋራ መተካከሉን ሳያረጋግጥ ማንም ገንዘብ አይቍጠር።

አራተኛው ነገር ከኪስ ይልቅ ሕሊናን ይመለከታል። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር ወንጌል ያስተምራል፤ አሮጌ አውቶሞቢልም እንዲሁ ከግዢው በኋላ የሚጠይቀው አለውና፥ የዋጋውን ሲሶ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ለይቶ ማስቀመጥ የማይችል ሰው ገና አልተዘጋጀም። ሹም የሆነ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ ያሻዋል። የሰንበት ደስታው የመንግሥት ቤንዚን የተቀዳበት፥ የመሥሪያ ቤቱም መካኒክ በሥራ ሰዓቱ የደከመበት እንደ ሆነ፥ የአውቶሞቢሉ ማብረቅረቅ የባለቤቱን ነውር ያበራል እንጂ ክብሩን አያሳይም።

የመጨረሻው ነገር መቀመጫ ነው። በሐዋርያት ሥራ በስምንተኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በገንዘቧ ሁሉ የሠለጠነ ታላቅ ሹም ሲሆን ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ በሰረገላው ሲመለስ፥ በእግሩ የቀረበውን ፊልጶስን ወጥቶ ከእርሱ ጋራ እንዲቀመጥ ለመነው። ሰረገላው በቅዱስ መጽሐፍ የተነገረለት ለባለቤቱ አጠገብ መንገደኛ ስለ ተቀመጠበት ነው። በአርሲም መንገድ በሰንበት ክርስቲያኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት ወደ ለቅሶና ወደ ገበያ በእግር ይሄዳሉ። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ አውቶሞቢል የገዛ ሰው ሽማግሌውን በአቧራ ሸፍኖ ከማለፍ በቀር ምርጫ የለውም። የኋላ መቀመጫ ያለው ኩፔ የያዘ ግን ወጣቱን ወደ ኋላ አሳልፎ ሽማግሌውን በፊት ያስቀምጣል።

ስለዚህ ኩፔ የሚመርጥ ሰው ቀለሙን ከማየቱ አስቀድሞ መንገዱን፥ መካኒኩን፥ ላሜራውንና የገንዘቡን ንጽሕና ይመርምር፤ ከዚያም በኋላ አንድ ሽማግሌ በፊት፥ አንድ ልጅ በኋላ አስቀምጦ የአሰላን ዳገት ይውጣበት። ሦስቱም በደኅና ከደረሱ አውቶሞቢሉ ለባለቤቱ ይገባል፤ ባለቤቱም ለአውቶሞቢሉ የተገባ ነው።