ጀብዱው የት ተቀመጠ?

እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን «ድራጎን ኩዌስት 2»ን የሚጫወት ልጅ ከጆይስቲኩ ጎን እርሳስና ደብተር ማዘጋጀት ግዴታው ነበር። ጨዋታው የሚሠራበት የኒንቴንዶ ፋሚኮም ተጫዋቹ የደረሰበትን የሚያኖርበት ቦታ አልነበረውም። እንቅልፉ የመጣ ልጅ ንጉሡን ያነጋግራል፤ ንጉሡም እስከ 52 ፊደላት የሚደርስ፣ ትርጉም የሌለው የይለፍ ቃል ይደረድርለታል። ልጁ ፊደላቱን አንድ በአንድ ይገለብጣል፤ በማግስቱም አንድ በአንድ መልሶ ያስገባል። ጣጣው አንዳንዶቹ የጃፓን ፊደላት የሚለያዩት በሁለት ጭረትና በአንዲት ትንሽ ክብ ብቻ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜው ደብዛዛ ቴሌቪዥን ላይ ጭረቷን ክብ ናት ብሎ የጻፈ ልጅ የሳምንት ልፋቱን ውኃ በላበት።

የኮንሶል ነገር ሲነሳ አፍቃሪዎች የሚማዘዙት በግራፊክስ ነው። የማን ሣር ይበልጥ ሣር ይመስላል፣ የማን ምስል አይንቀጠቀጥም፣ የማን ቺፕ ይፈጥናል። ለእግር ኳስና ለመኪና እሽቅድምድም ይህ ያስኬድ ይሆናል። ለሮል ፕሌይንግ ጌም፣ ተጫዋቾች በአጭሩ አርፒጂ ለሚሉት፣ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ግን ሌላ መለኪያ አለው፤ ኮንሶሉ ምን ያህል ይይዛል? የያዘውንስ እስከ መቼ ያስታውሳል? የአርፒጂን መንገድ የቀየሩ ውሳኔዎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ የሚያርፉት እዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ያለ ኮንሶል ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ወረቀት፣ እርሳስና ዳይ ብቻ ይበቃው ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩ የዳይ ወርዋሪውንም የደብተር ያዡንም ሥራ ወሰደ፤ በ1981 «አልቲማ» እና «ዊዛርድሪ» በአፕል 2 ላይ ወጡ። ሁለቱንም አጥብቆ ይወድ የነበረው ጃፓናዊው ዩጂ ሆሪ ያንን ውስብስብ ነገር በቀስት ቁልፍና በሁለት ጉብታ ለሚጫወት ሕፃን ማቅረብ ይቻላል ብሎ ተነሣ። በግንቦት 1986 የወጣው የመጀመሪያው «ድራጎን ኩዌስት» ካርትሪጅ በአጠቃላይ 64 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በዚያች ጠባብ ቦታ ሆሪ ምን እንዳደረገ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ጨዋታው የሚጀምረው ንጉሡ ፊት፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። ለመውጣት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ሣጥን ውስጥ ነው፤ በሩ ሲከፈት ደግሞ ደረጃ ይጠብቃል። ተጫዋቹ አነጋግሮ፣ ሣጥን ከፍቶ፣ በር ከፍቶ፣ ደረጃ ተጠቅሞ ሲወጣ የጨዋታውን ዋና ዋና ትእዛዛት ማንም ሳያስተምረው ለምዷቸዋል። ውጭ የሚጠብቀው ጠላት አኪራ ቶሪያማ የሣለው፣ እንደ ጠብታ የሾለ ፈገግተኛ ሰማያዊ ስላይም ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሞት ሕጉ ነው። በውጊያ የወደቀ ጀግና ንጉሡ ፊት ይነሣል፤ የገንዘቡን ግማሽ ያጣል፣ በውጊያ ያካበተው ልምድ ግን ፍንክች አይልም። በዚያን ዘመን ብዙው ጌም የሞተን ተጫዋች ወደ መጀመሪያው ሲመልስ ይኸኛው የተደከመበትን አልነጠቀም። አርፒጂን በጃፓን የሕዝብ ጨዋታ ያደረገው ከዘንዶው ይልቅ ይህ ርኅራኄ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ክፍል በካርትሪጁ ውስጥ ባትሪ ይዞ መጣ። የይለፍ ቃል ቀረ፤ «የጀብዱ መጽሐፍ» ተተካ። የካቲት 10 ቀን 1988 ረቡዕ ነበር፤ በየሱቁ ደጃፍ ሰልፉ ተጥመለመለ፣ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ ከትምህርት ቤት ቀርተው የተሰለፉ ተማሪዎችንም ፖሊስ እየያዘ መለሰ። ከዚያ ወዲህ የጃፓን ፓርላማ ጨዋታው በሥራ ቀን እንዳይወጣ ሕግ አወጣ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ሕግ የለም፤ አሳታሚው ኤኒክስ ራሱ ነው መሸጫውን ትምህርት ወደሌለበት ቀን ያዞረው። ባትሪውም ቢሆን ታማኝ አልነበረም። ካርትሪጁ ሲነቃነቅ ወይም ባትሪው ሲደክም ጨዋታው በተረገመ ዕቃ ዜማ ታጅቦ መጽሐፉ መጥፋቱን ያረዳል። ያንን ዜማ በልጅነታቸው የሰሙ ጃፓናውያን ዛሬም ሲሰሙት ይደነግጣሉ።

ወደ 1990ዎቹ ሲታለፍ ነገሩ የኩባንያዎች ጠብ ሆነ። ሶኒ ለኒንቴንዶ ኮንሶል የሲዲ ማጫወቻ ለመሥራት ተስማምቶ ነበር። በ1991 ቺካጎ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርዕይ ላይ ግን ኒንቴንዶ ሥራውን ከፊሊፕስ ጋር እንደሚሠራ ዐወጀ። በአደባባይ የተተወው ሶኒ በኬን ኩታራጊ መሪነት የራሱን ኮንሶል ሠራ፤ ፕሌይስቴሽን በታኅሣሥ 1994 በጃፓን ገበያ ላይ ዋለ። ኒንቴንዶ ደግሞ ለቀጣዩ ኮንሶሉ፣ ለኒንቴንዶ 64፣ ካርትሪጅን አልለቅም አለ።

ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ካርትሪጅ ፈጣን ነው፣ ለመቅዳትም ያስቸግራል። ነገር ግን ትልቁ የኒንቴንዶ 64 ካርትሪጅ 64 ሜጋባይት ሲይዝ አንድ ሲዲ ከዚያ አሥር እጥፍ ይይዛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። የሂሮኖቡ ሳካጉቺን «ፋይናል ፋንታሲ» ከ1987 ጀምሮ በኒንቴንዶ ኮንሶሎች ላይ ያወጣ የነበረው ስኩዌር ስሌቱን ሠራና ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። «ፋይናል ፋንታሲ 7» በጥር 1997 በሦስት ሲዲ ሆኖ በፕሌይስቴሽን ላይ ወጣ፤ ከአሥር ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። «ድራጎን ኩዌስት»ም ተከተለው። ኒንቴንዶ 64 ማሪዮንና ዜልዳን ይዞ፣ በጣት የሚቆጠሩ አርፒጂዎችን ብቻ አግኝቶ ዕድሜውን ጨረሰ። በቺፕ ፍጥነት ከፕሌይስቴሽን ይበልጥ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። የበለጠው አልጠቀመውም፤ ያነሰው ነው የጎዳው።

ፕሌይስቴሽን ለአዲስ አበባ ልጆች በብዛት የደረሰው በሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት በኩል ነው። እዚያ ሒሳቡ በጨዋታ ነው። ሁለት ሰው ይገጥማል፣ ተሸናፊው ይከፍላል፣ ተራ ጠባቂው ከኋላ ቆሞ «አቀብለው እንጂ!» እያለ ይጮኻል። በዚህ ሥርዓት እግር ኳስ መንገሡ አይገርምም፤ አንድ ግጥሚያ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ቋንቋ አያስፈልገውም፣ ለነገ የሚቀር ነገር የለውም። «ፋይናል ፋንታሲ 7»ን ለመጨረስ ግን 40 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ገጸ ባሕርያቱም ያወራሉ፣ ያወራሉ፣ በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ታዋቂዎቹ አርፒጂዎች በአማርኛ አልወጡም። በዚያ ላይ የጨዋታው መዝገብ ያለው የቤቱ ባለቤት በገዛው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ካርድ 15 ብሎክ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሲሞላ ማንም ሰው የማንንም ጀብዱ አጥፍቶ የራሱን ማስቀመጥ ይችላል። የሐበሻ ልጅ አርፒጂ አይወድም የሚሉ አሉ። ሒሳብ እየተቆጠረበት፣ ማስቀመጫ የራሱ ሳይሆን፣ በባዕድ ቋንቋ እያነበበ ማን ይወዳል?

መብራትም አለ። የድሮ አርፒጂዎች ሴቭ ማድረግ የሚፈቅዱት በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ከዋሻው አፍ እስከ ዋሻው አለቃ አንድ ሰዓት ተዋግቶ፣ አለቃው ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሲሄድበት የተሰማውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የቶኪዮ ንድፍ አውጪዎች ይህን ዓይነቱን አለቃ በሒሳባቸው አላስገቡትም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሥቷል። ተራ በተራ የሚካሄድ ውጊያ የደካማ ኮንሶል ዘመን ቅርስ ነው፣ የዛሬ ወጣት ትእግሥት የለውም ይባላል። የ2023ቱ «ፋይናል ፋንታሲ 16» በዚሁ መንፈስ ተራውን ጨርሶ ጥሎ ሙሉ በሙሉ የጣት ፍጥነት ጨዋታ ሆነ። ውጊያው ያምራል፤ ከተማው ግን የሚነገር ነገር የሌላቸው ሰዎች የቆሙበት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የቤልጂየሙ ላሪያን «ባልደርስ ጌት 3»ን አወጣ። ከወረቀቱ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተቀዳ ነው፤ ዳዩ ሳይቀር ስክሪኑ ላይ ይንከባለላል፣ ውጊያው ተራ በተራ ነው። የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማትን የወሰደው እሱ ሆነ። በ2025 ደግሞ የፈረንሳዩ ሳንድፎል፣ ከሞንፔሊየ ከተማ፣ «ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33»ን በ50 ዶላር አቀረበ። ይኸኛውም ተራ በተራ ነው፤ ጠላት ሲሰነዝር ግን ተጫዋቹ በሰዓቱ መከላከል አለበት። ያንኑ ሽልማት ጠቅልሎ ወሰደ። ስለዚህ የወጣት ትእግሥት ማነስ የሚባለውን ሰበብ ወደ ጎን ማለት ይቻላል። ተራ መጠበቅ የማሰቢያ ጊዜ ነው፤ ቼዝ የሚጫወት ሰው ፈጣን ኮምፒውተር ስላጣ አይደለም ተራውን የሚጠብቀው።

«ባልደርስ ጌት 3» የኮንሶሉንም ጥያቄ መልሶ አነሣው። ጨዋታው በፕሌይስቴሽን 5 ላይ በመስከረም ሲወጣ የኤክስቦክስ ባለቤቶች እስከ ታኅሣሥ ጠበቁ። መንሥኤው ትንሹ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ነበር። ትልቁ ሲሪስ ኤክስ 16 ጊጋባይት የሥራ ሚሞሪ ሲኖረው ትንሹ ያለው 10 ነው። ሁለት ተጫዋቾች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው በየራሳቸው ሲንቀሳቀሱ አልበቃም አለ። ማይክሮሶፍት በሁለቱ ኮንሶሎች ላይ የሚወጣ ጨዋታ እኩል ይሁን የሚለውን አቋሙን ላላ አደረገ፣ ጨዋታውም በትንሹ ላይ ያለዚያ ክፍል ወጣ። ርካሽ ኮንሶል ማቅረብ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የተቆጠበው ግን መቆጠብ ከማይገባው ቦታ ነው።

ዛሬ የይለፍ ቃልም የሚደክም ባትሪም የለም። ሴቭ የሚቀመጠው በኮንሶሉ ውስጥና በኢንተርኔት ላይ ነው። ጨዋታው ራሱ ግን ከባለቤቱ እጅ እየወጣ ነው። ኒንቴንዶ በመጋቢት 2023 የ3ዲኤስንና የዊ ዩን የኢንተርኔት ሱቅ ዘጋ፤ በዲስክ ወይም በካርትሪጅ ያልወጣ ጨዋታ ያልገዛ ሰው ዕድሉ አለፈው። በዚያው ዓመት የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው ገበያ ላይ እንደማይገኙ አስታወቀ። በ2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ 700 ዶላር ተጠይቆበት የዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ለብቻው ይገዛል። በ2025 የመጣው ስዊች 2 ደግሞ አንዳንድ ጨዋታዎቹ በካርትሪጅ መልክ ይሸጣሉ፣ ካርትሪጁ ግን ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጨዋታው ከኢንተርኔት ይወርዳል። ለእግር ኳስ አፍቃሪ በየዓመቱ አዲስ ስለሚመጣለት ብዙም አያስጨንቀው ይሆናል። የአርፒጂ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ አንድ ዓለም ተመልሶ መግባት የሚፈልግ ሰው ነው፤ በሩን ለሌላ ሰው ማስያዝ አይመቸውም።

እንግዲህ በአዲስ አበባ ያለ፣ ኪሱ የማይፈቅድለት፣ አርፒጂ መጀመር የሚሻ ሰው ምን ይግዛ? ሁለት ምርጫ ያዋጣዋል። አንደኛው የዲስክ ማስገቢያ ያለው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ነው፤ «ፐርሶና 5»፣ «ድራጎን ኩዌስት 11»፣ የ«ፋይናል ፋንታሲ 7» ዳግም ሥሪት የመጀመሪያ ክፍል፣ ሁሉም በዲስክ አሉለት፣ ሲጨርስም ለጓደኛው ያውሳቸዋል። ሁለተኛው፣ የዚህ ዓምድ ጸሐፊም የሚያዘነብለው፣ ያገለገለው የመጀመሪያው ስዊች ነው። ምስሉ ከሁሉም ይደበዝዛል። ባትሪው ግን ውስጡ ስለሆነ መብራት ቢሄድ ውጊያው አይቋረጥም፣ አንዲት ጉብታ ተጭኖ ማስተኛትም ይቻላል። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2019 «ዊቸር 3»ን ከነተጨማሪ ክፍሎቹ፣ ሳይጎድል፣ በአንዲት 32 ጊጋባይት ካርትሪጅ ላይ አስገብቶ ለስዊች አውጥቷል። ዛፎቹ ከሩቅ ሲታዩ የተፈጨ ቃርያ ይመስላሉ፤ ታሪኩ ግን አንድ ገጽ አልተቀነሰበትም።