30 ስንደዶ፣ 12 ሽምብራ



ልጆች «ጂኦሜትሪ ከበደን» ሲሉን ብዙዎቻችን «እኛንም ከብዶን ነበር» ብለን እናልፋለን። አንዳንዴ ግን የሚከብደው ትምህርቱ ሳይሆን የቀረበበት መንገድ ነው። ድፍን ቅርጽ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ተስሎ ሲታይ ጀርባው አይታይም። ልጁ በእጁ ይዞ ሲያገላብጠው ግን ይገባዋል። ለዚህ የሚሆነው ዕቃ በመካነ ሰላምም ሆነ በመቅደላ መሶብ ከሚሰፋበት ቤት አይጠፋም።

በኳስ እንጀምር። በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ የታየው ጥቁርና ነጭ ኳስ ከ32 ቁራጭ የተሰፋ ነው፤ 12ቱ ጥቁሮች ባለ አምስት ጎን፣ 20ዎቹ ነጮች ባለ ስድስት ጎን ናቸው። እንዲህ ያለ ኳስ ካገኛችሁ ልጁ የቆጠረውን በጠመኔ ምልክት እያደረገ ይቁጠር። ቁጥሩን አስቀድማችሁ አትንገሩት።

ቀጥሎ የኳሱን ዘመድ ይሥራ። ሌሊቱን የራሰ 12 ሽምብራና በአንድ ጣት ርዝመት እኩል የተቆረጡ 30 ስንደዶዎች አዘጋጁ። ሽምብራውን በወስፌ የሚበሳው ትልቅ ሰው ይሁን። በአንዱ ሽምብራ ላይ አምስት ስንደዶ ይሰካ፤ በየጫፋቸው አንዳንድ ሽምብራ ይግባ፤ አምስቱ ሽምብራዎች ደግሞ በሌላ አምስት ስንደዶ ዙሪያውን ይያያዙ። የጎጆ ክዳን መሰለ አይደል? ሌላ እንዲሁ ሠርታችሁ ገልብጡትና በቀሩት 10 ስንደዶዎች አገናኟቸው፤ ከላይ ያለው እያንዳንዱ ሽምብራ ከታች ካሉት ሁለት ጋር ይያያዛል። ሽምብራው ሲደርቅ ስንደዶውን አጥብቆ ይይዛል። እነሆ፣ 20 እኩል ሦስት ማዕዘኖች ያሉት ቅርጽ!

አሁን የክብሪት ቀፎ አምጡ። ገጹ 6፣ ጫፉ 8፣ ጠርዙ 12 ነው። ገጽና ጫፍ ሲደመሩ 14፣ ጠርዙ ሲቀነስ 2። በስንደዶው ሲሞከርም 20 እና 12 ተደምረው 32፣ 30 ሲቀነስ 2። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የስዊዘርላንዱ ሊቅ ኦይለር ያስተዋለው ይህንን ነው። ልጁ ራሱ ሲደርስበት ደስታው ሌላ ነው።

እኔ ነርስ ነበርኩና የሙያዬን ልጨምር። የልጅነት ልምሻ የምንለው የፖሊዮ ቫይረስ ቅርፊቱ የተደራጀው በዚሁ ባለ 20 ገጽ ቅርጽ ነው። ቫይረሱ የያዘው የዘር መረጃ ጥቂት ስለሆነ አንድ ዓይነት ቁራጭ 60 ጊዜ ደጋግሞ ቤቱን ይሠራል። ልጁ ሠላሳዋን ስንደዶ ሰክቶ ሲጨርስ «ጠብታው የሚከላከለው ይህን የመሰለውን፣ ዓይን የማያየውን ነገር ነው» በሉት። አያቶችም «ባለፈው ወስዷል፣ ዛሬ ምን ያደርግለታል?» የምትሉ ካላችሁ መልሱ ይህ ነው፤ አንድ ጠብታ ሁሉንም ልጅ አያስተማምንም፣ መከላከያው የሚጠነክረው ሲደጋገም ነው። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የተረጋገጠው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። ከክትባቱ ቫይረስ ተለውጦ የሚመጣው ዓይነት ግን ክትባት በሳሳበት አካባቢ ዛሬም ይነሣል። ስለዚህ የክትባት ሠራተኞች በር ሲያንኳኩ ልጆቹን አቅርቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሽምብራ ሕፃን ልጅን ያንቃል፤ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባ ደግሞ እርጥበት እየሳበ ያብጣል። ከገባ በቤት ውስጥ ለማውጣት አትታገሉ፣ ውኃም አታፍስሱበት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ታናናሾቹ ከሥራው ራቅ ይበሉ፤ የስንደዶው ጫፍም ለዓይን አደገኛ ነው።

ቅርጹ ሲያልቅ በክር አስራችሁ ከጣራው ላይ አንጠልጥሉት። እንግዳ ሲመጣ የሚያስረዳው ልጁ ይሁን።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።