የንቅናቄ ዓላማ እስከ ምን ይስፋ? የኮምፒውተር ጨዋታና የመንዝ ጓሳ ትምህርት

የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት ኩባንያ «ዘ ክሩ» የተሰኘው የበይነ መረብ ጨዋታ የሚሠራባቸውን ሰርቨሮች በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ ገዥዎች ገንዘብ የከፈሉበት ጨዋታ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከዚህ የተነሣው «ጨዋታዎችን መግደል ይቁም» ንቅናቄ ለአውሮፓ ኅብረት ላቀረበው የዜጎች ጥያቄ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የተሸጠ ጨዋታ የኩባንያው ድጋፍ ካበቃም በኋላ መሥራት አለበት።

ንቅናቄው የዋጋንና የሠራተኞችን መብት ጉዳይ ቢጨምር ደጋፊው የሚበዛ ይመስላል። ይሁን እንጂ ጥያቄ ሲበዛ ስምምነት ይሳሳል፤ ምላሽ መገኘት አለመገኘቱን መለየትም ያስቸግራል።

ጠባብ ዓላማ ሰፊ ውጤት እንደሚያስገኝ የመንዝ ጓሳ ያስረዳል። ነባሩ የማኅበረሰብ ሥርዓት ያተኮረው በሣር አጨዳና በግጦሽ ላይ ነበር። ሣሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲከለል ግን ቀይ ቀበሮና ጭላዳም መጠጊያ አገኙ። ሆኖም የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን መሠረት ሲያፈርስ ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ።

እንግዲህ የዓላማ ጥበት ያለ ሕግ ከለላ አይጸናም። ንቅናቄውም ጥያቄ ከማብዛት ይልቅ የያዘውን አንድ ጥያቄ በሕግ ቢያጸና ይበጀዋል።