ፓስተሩን «ፈርም» ስንለው

ስለዚህ ጉዳይ እንዳልጽፍ ሦስት ሰዎች መክረውኝ ነበር። አንዱ «ቤተ ክርስቲያንን ታሰድባለህ» አለኝ። ሁለተኛው «በቁስላቸው ላይ እንጨት አትስደድ» አለኝ። ሦስተኛው ራሱ ባለ ጉዳዩ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ደወለልኝና «ስም ሳትጠራ ጻፈው፤ በሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም» አለኝ። ባለቤቱም ተስማምታለች። ስለዚህ ይኸው።

የእሱንም፣ የቤተ ክርስቲያኗንም ስም አልጠራም። ካምፓላ ያላችሁ ብታውቁትም እባካችሁ እናንተም አትጥሩ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው አዲስ አበባ የተወለደ ኤርትራዊ ነው፤ እኛ «አምቼ» ከምንላቸው። በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ከወላጆቹ ጋር ወደ አስመራ ተባረረ። እዚያ አገሩም ቋንቋውም እንግዳ ሆኖበት ሲንከራተት የተቀበለችው አንዲት የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ነች። በ2002 የኤርትራ መንግሥት ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክ፣ ከሉተራን እና ከእስልምና በቀር ሌላውን ሁሉ ዘጋ። የእሱም ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች። ቤት ውስጥ ሲጸልዩ ተያዙ፤ ኮንቴይነር ውስጥ ታሰሩ። ቀን ብረቱ ይፈላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። አንድ ወረቀት ቀረበለት። «ከእንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አልሰበሰብም ብለህ ፈርም፤ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» ተባለ። አልፈረመም። አሥራ አንድ ወር ቆየ።

ይህን ወረቀት አስታውሱልኝ። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ስደት ላይ ፓስተር መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የእሑዱ ስብከት ከሥራው ትንሹ ነው። የታመመ ሆስፒታል ያደርሳል። ፖሊስ ጣቢያ የተያዘ ልጅ ያስፈታል። ኢንተርቪው ላይ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ያስተረጉማል። ሰው ሲሞት ድንኳን ያስተክላል፣ ገንዘብ ያሰባስባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሌሊቱ ስልክ ነው። ሊቢያ ላይ ደላሎች ልጁን እየደበደቡ ለእናቱ በስልክ ያሰሟታል። እናት ስልኩን እንደያዘች ወደ ማን ትሮጣለች? ወደ ፓስተሩ። እሱም ያንን ጩኸት አብሯት ይሰማል፤ ከዚያ ከቤት ቤት እየዞረ ብር ይለምናል።

ይህን ሥራ ለዓመታት ሠራ። አንድ ጊዜ ለአንድ ልጅ ገንዘቡ ሞልቶ ሊላክ ሲል ልጁ መሞቱ ተሰማ። ቅዳሜ ነበር። በማግሥቱ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ድል ሰበከ፤ ሕዝቡም እልል አለ። የልጁ እናት ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ከእኔ ጋር ተጣላ» ብሎኛል።

ለማን ይንገር? እኛ ለእሱ እንነግራለን፤ እሱ ግን የሚነግረው ሰው የለውም። «ፓስተሩ ደከመ» ከተባለ «ጸሎት አንሶት ነው» ይባላል።

ያየለት ኡጋንዳዊ ጎረቤቱ ነው። እንቴቤ አቅራቢያ ጋሩጋ የሚባል አካባቢ የቡዲስት ማዕከል አለ። በ2005 ያቋቋሙት ባንቴ ቡድሃራኪታ የሚባሉ ኡጋንዳዊ መነኩሴ ናቸው፤ ካቶሊክ ሆነው አድገው ህንድ ለትምህርት በሄዱበት ነው ቡዲዝምን ያወቁት። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖረን ብዙዎቻችን መኖሩን እንኳ ሰምተን አናውቅም። ጎረቤቱ ወደዚያ ወሰደው። ዐይንህን ጨፍነህ ተቀመጥ፤ ትንፋሽህ ሲገባ ሲወጣ ተከታተል፤ ሐሳብህ ሲሸሽ ሳትቆጣው መልሰው። ያስተማሩት ይህንን ነው።

«መጀመሪያ የሄድኩት እንቅልፍ ፍለጋ ነው፤ ልዋሽህ አልፈልግም፣ በኋላ ግን ከእንቅልፍ በላይ ሆነብኝ» አለኝ። የሳበው የቡድሃ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ መኖር ውስጥ ስቃይ አለ የሚለው። «እኛ መድረክ ላይ ስቃይ ከተነሳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ድል መቀየር አለበት። እዚያ ግን ማንም አላቻኮለኝም። የዚያ ልጅ ጩኸት በጆሮዬ እየመጣ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩለት።»

እዚህ ላይ «ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው» የምትሉ ወዳጆቼ አላችሁ። እሱም አይልም፣ እኔም አልልም። ቡዲዝም ዓለምን ስለፈጠረ አምላክ አያስተምርም፤ ክርስትና ያለ እሱ አይቆምም። አንዱ መንገዱን ራስህ ሂድበት ይላል፤ ሌላው ተሸክሞህ የሄደ አለ ይላል። እነዚህን አንድ ናቸው ማለት ሁለቱንም አለማክበር ነው። ፓስተሩም ይህን ያውቃል፤ ያስጨነቀውም ይኸው ነው። ክርስቶስን አልካደም። ግን የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ነበሩት፤ የሚጠይቅበት ቦታ ግን አልነበረውም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ፤ ጥፋት አለበትና። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ «በሽተኛ ልጠይቅ» እያለ ከቤት ይወጣ ነበር። ባለቤቱ እውነቱን የሰማችው እንደማንኛችንም ከቴሌግራም ነው። አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ ሳለ ፎቶ አንስቶት «ፓስተራችን ለጣዖት ሰገደ» ብሎ በተነው። ፎቶው ላይ የሚሰግድ ሰው የለም፤ ዐይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው ነው። እሷን ያቃጠላት ግን ቡድሃ አይደለም። «ሱዳን በረሃ ላይ አንድ ጀሪካን ውኃ ለሁለት የጠጣን ሰዎች ነን። ይህንን እንዴት ለእኔ መንገር አቃተው?» ነው ያለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱም የለውም። «ከነገርኳት እሷም አብራኝ የምትደብቅ ትሆናለች ብዬ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል። ውሸት ግን በሩኅሩኅነት ተጠቅልሎ ሲመጣም ውሸት ነው።

ከዚያ የስብሰባው ምሽት መጣ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ የስደተኛው ኮሚቴ ተወካይ ነህ ተብዬ ነው የተጠራሁት። ሰባት ሰዎች ነበርን። ማንም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። አንዱ ጋሼ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ከእንግዲህ ከእነዚያ ሰዎች ጋር አልሰበሰብም ብለህ ፈርም፤ ይህ ነገር እዚህ ይቀራል» አሉት።

ፓስተሩ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ይህንን ወረቀት አውቀዋለሁ» አለ።

አልፈረመም። በዚያው ምሽት ከአገልግሎት ተሰናበተ። የቤት ኪራዩን የምትከፍልለት ቤተ ክርስቲያኗ ስለነበረች እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲለቅ ተነገረው። ሦስት ልጆች አሉት። ትልቋ መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ «ለጊዜው አትምጪ» ተባለች። ይህም አልበቃ ብሎ አንድ ሰው «ኬዙ በሃይማኖት ነው የተያዘለት፤ አሁን ክርስቲያን አይደለም ብለን ለዩኤን እንጻፍ» አለ። ደብዳቤው እስካሁን አልተጻፈም፤ ዛቻው ግን ባለቤቱን ለወራት እንቅልፍ ነስቷታል።

እኔ ያን ምሽት ምን አልኩ? ምንም። ስለ እምነት ነጻነት ስንት ስብሰባ ላይ የተናገርኩ ሰው፣ ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቶ እያየሁ ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንድን ሰው ስደተኛ ከሚያሰኙት አምስት ምክንያቶች አንዱ ሃይማኖት ነው ይላል። የሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫም በአንቀጽ 18 እምነትን የመያዝ ብቻ ሳይሆን የመለወጥንም ነጻነት ይሰጣል። እኛ በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ነው እዚህ የተቀመጥነው። ጥላው ለእኛ ሲሆን መብት፣ ለሌላው ሲሆን ክህደት የሚሆነው በየት በኩል ነው? ኮንቴይነር ውስጥ ያሳለፈው አሥራ አንድ ወር ዛሬ ትንፋሹን ስለቆጠረ ውሸት አይሆንም።

«ቤተ ክርስቲያን ታዲያ ማንም የፈለገውን እንዲያስተምር ትተው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አትተው። መድረኳ የራሷ ነው። በ2009 በአሜሪካ ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ሰሜን ሚሺጋን ላይ ኬቪን ቲው ፎረስተር የሚባሉ ቄስ ጳጳስ እንዲሆኑ ተመረጡ። የዜን ቡዲዝም ሜዲቴሽን የሚለማመዱ ሰው ናቸው። ሹመቱ እንዲጸና ከሌሎቹ አህጉረ ስብከት የብዙኃኑ ስምምነት ያስፈልግ ነበርና ወራት የፈጀ ክርክር ተደረገ። ስለ ዜኑ፣ ስለ ስብከታቸው፣ የጥምቀት ሥርዓቱን ቃል ስለ መለወጣቸው፣ ስለ ምርጫው አካሄድም ጭምር ተጠየቁ፤ መለሱም። በመጨረሻ ድምፁ አልሞላም፤ ጵጵስናው ቀረ። ቅስናቸው ግን አልተነካም። «አይሆንም» የተባለው በአደባባይ፣ ሰውዬው ራሱ ተናግሮ ከተሰማ በኋላ ነው። የእኛ ፍርድ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ፎቶ አለቀ።

ቡዲስት ሰው አጠገብ መቀመጥ በራሱ ያረክሳል ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ቲክ ናት ሃን የሚባሉ የቬትናም መነኩሴ ነበሩ። በ1966 ሰላም ሊሰብኩ ከአገራቸው ወጡና መመለስ ተከለከሉ፤ አገራቸውን መልሰው ያዩት በ2005 ነው። እንደ እኛ ስደተኛ ነበሩ ማለት ነው። በ1967 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ያጯቸው ማነው? የባፕቲስቱ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ። ካቶሊካዊው መነኩሴ ቶማስ መርተንም ወንድሜ ብለው ጽፈውላቸዋል። መርተን በ1968 ታይላንድ ውስጥ እስኪሞቱ ድረስ ካቶሊክ መነኩሴ ነበሩ። ማንም ማንንም አልሰረቀም።

በነገራችን ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? የዋልድባ መነኮሳት አርምሞ ምንድን ነው? እኛ ጴንጤዎቹስ «የጽሞና ጊዜ» የምንለው? ቃሉ አለን፤ ጽሞናውን ግን በድምፅ ማጉያ ሸፍነነዋል። ፓስተሩ ቤታችን ውስጥ ጸጥ ያለ ጥግ ቢያገኝ ኖሮ እንቴቤ ባልሄደ ነበር አልልም፤ እዚያ ያገኘውንም ማቃለል ይሆንብኛል። ግን ሄዶ ሲመለስ የሚያወራው ሰው ባገኘ ነበር።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው።

እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ያለህ አገልጋይ ካለህ፣ መጀመሪያ ለባለቤትህ ንገር። ከቴሌግራም በፊት፣ ከሽማግሌ በፊት። ልብህ የማይለውን መስበክ ስትጀምርም ራስህ ከመድረክ ውረድ። ፓስተሩም «ከአንድ ዓመት በፊት መውረድ ነበረብኝ፤ ኪራዩን ፈርቼ ነው» ብሎ አምኗል።

ሽማግሌዎች፣ መድረኩን መውሰድ መብታችሁ ነው፤ እንጀራውንና መድረኩን ግን ለዩ። ያገለገላችሁን ሰው ስታሰናብቱ ቢያንስ ሌላ ሥራ እስኪይዝ የወራት ኪራይ ስጡት። ልጆቹን አትንኩ። የማንንም ስደተኛ ኬዝ እንደ ዱላ አታንሱ፤ ያንን የሚያደርግ ሰው ከሸሸነው ሰው በምን ይለያል? ለአገልጋዮቻችሁም በዓመት ውስጥ እረፍት፣ ሸክማቸውን የሚያወርዱበትም ሰው አዘጋጁላቸው። ገንዘብ የለንም ካላችሁ፣ ከድምፅ ማጉያው ቀንሱ።

ዛሬ ፓስተሩ አንድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይቆጣጠራል። የተከራዩት ቤት ጠባብ ነው። ባለቤቱ ልጆቹን ይዛ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እሱም አንዳንድ እሑድ አብሯቸው ሄዶ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ቅዳሜ ወደ እንቴቤ ሲሄድ አሁን ታውቃለች። ተስማምተውበታል ማለት አይደለም። «አሁን ቢያንስ የምንጣላው እፊት ለፊት ነው» ትለኛለች። ትልቋ ልጅ ግን እስካሁን አልዘመረችም።

ወንድሜ፣ ያን ምሽት እጄን አንስቼ «ይህንን ወረቀት አንሱት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ዛሬ ያልኩት ዘግይቷል፤ ይቅር በለኝ።

ለሁላችሁም ሰላም ሁኑ።