በውሰት የተያዘ ሥልጣን

በስቶክሆልም ከተማ፣ በኪስታ መናፈሻ ውስጥ ያለ አግዳሚ ወንበር ቢሰበር የሚያስጠግነው የክፍለ ከተማው አስተዳደር ነው፤ ከወንበሩ በላይ የቆመው መብራት ቢጠፋ ግን የሚመለከተው የማእከላዊው ከተማ የትራፊክ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ልጆቻችን የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤትም ከ2007 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከክፍለ ከተማው እጅ ወጥቶ ለከተማው የትምህርት ሸንጎ ተላልፏል። ስዊድንን ላልተማከለ አስተዳደር አብነት አድርጎ ሲያወድስ የኖረ የአገራችን ሰው ይህን ድልድል ልብ ብሎ ሊመለከተው ይገባል።

ውዳሴው እንኳ ከንቱ አይደለም። የአጥቢያ ራስ አስተዳደር ከ1862 ጀምሮ በሕግ በጸናባት በዚህች አገር ኮሙን የሚባሉ 290 የአጥቢያ መስተዳድሮች አሉ፤ እያንዳንዱም ኮሙን በየ4 ዓመቱ በሚመረጥ ምክር ቤት ይመራል፣ የገቢ ግብሩንም መጠን ራሱ ይወስናል። ዳሩ ግን ሥልጣን ከዙፋን ወደ ከተማ ስለ ወረደ ከከተማ ወደ ሰፈር ወርዷል ማለት አይደለም። ስቶክሆልም በ1997 ያቋቋመቻቸው የክፍለ ከተማ ሸንጎዎች 24 ነበሩ፤ እየተዋሐዱ ሄደው፣ ሪንከቢና ኪስታ በተጣመሩበት በ2007፣ 14 ሆኑ፤ በ2023 ደግሞ ሪንከቢ-ኪስታ ከስፖንጋ-ቴንስታ ጋር ተጣምሮ ዬርቫ ተባለ፤ በእነዚህና በሌሎች ውሕደቶች ዛሬ የቀሩት 11 ብቻ ናቸው። የሸንጎውንም አባላት የሚሾማቸው የሰፈሩ ነዋሪ ሳይሆን፣ 101 እንደራሴዎች ያሉት የከተማው ምክር ቤት እንደ ፓርቲዎቹ ወንበር መጠን ነው፤ ስለዚህ የኪስታ ሕዝብ በሙሉ ድምፁ አንዱን ወገን ቢመርጥ እንኳ፣ በመላው ከተማ ያሸነፈው ሌላው ወገን ሊያስተዳድረው ይችላል። የሰጠ ሊነሣ የሚችለውን ሥልጣን እኔ ውሰት እለዋለሁ እንጂ ድርሻ አልለውም።

በአገራችን በኢትዮጵያስ? የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል፤ ከ2002 ጀምሮም በአማራና በሌሎች ታላላቅ ክልሎች ወረዳው በጥቅል የሚላክለትን በጀት ራሱ እንዲደለድል ተፈቀደለት። በሕግ ፊት የወረዳ ምክር ቤት አባል የወረዳው ሕዝብ የመረጠው ነውና፣ ነገሩ ያስገርም እንጂ፣ በዚህ ረገድ ከኪስታው ተሿሚ የላቀ ማዕረግ አለው፤ ሆኖም ከሚላክለት ገንዘብ አብዛኛው በደመወዝ ስለሚያልቅ፣ ለድልድዩና ለጤና ኬላው የሚሆነውን ሲለምን ፊቱን ወደ ክልሉ ማዞሩ አይቀርም።

የማእከላዊነት ጠበቆች የሚያነሡት አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ እርሱም ግብሩ በአንድ ቋት ባይሰበሰብ ኖሮ የኦስተርማልም ባለጸጋ ገንዘብ ለሪንከቢ መዋዕለ ሕፃናት ባልተረፈ ነበር የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እኔም ቋቱ ይከፈል አልልም። ነገር ግን ግብሩ የጋራ ሲሆን ሸንጎውን ነዋሪው ቢመርጥ ምን ይጎድላል? በጎረቤት አገር በኦስሎ የክፍለ ከተማ ሸንጎ አባላትን የሚመርጠው ነዋሪው ራሱ ነው፤ ከተማይቱም በዚህ አልፈረሰችም።

በኪስታና በአካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ ሆይ፤ ዜግነት ባይኖራችሁም በአገሪቱ ተመዝግባችሁ 3 ዓመት ከኖራችሁ ለኮሙንና ለክልል ምክር ቤት የመምረጥ መብት ከ1976 ጀምሮ በሕግ ተሰጥቷችኋል። የዬርቫን ሸንጎ የሚሾመው ምክር ቤት የሚመረጠው በዚሁ ድምፅ ነውና፣ የምርጫው ካርድ በፖስታ ሲደርሳችሁ ሳትከፍቱ አታኑሩት፤ ድምፃችሁን ለሚጠይቋችሁ ፓርቲዎችም ሸንጎውን በቀጥታ የምንመርጠው መቼ እንደ ሆነ ጠይቋቸው።