ደጋው አስቀድሞ የወሰደው ትርፍ

መፍቻም መዶሻም ሳይነሣ የፒክአፕን ሞተር በላፕቶፕ ብቻ ጉልበታም አደርጋለሁ፣ ናፍጣ አስቆጥባለሁ፣ አውቶማቲኩም ካምቢዮ ማርሽ ሲለዋውጥ እንዳይንገጫገጭ አለዝበዋለሁ የሚለው፣ በጋራዦች ዘንድ ሪማፕ ተብሎ የሚታወቀው ጥበብ፣ ከባለ መኪናው ኪስ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ፣ ከባለሙያው አንደበት ግን ጥቂት ማብራሪያ የሚገኝበት ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከመሠረቱ መርምሮ ሐሳብ መስጠት ተገቢ ይመስለኛል። እኔ ሥራውን በደፈናው ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም፤ ፋብሪካው በሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ የጻፈው የቁጥር ሰንጠረዥም እንደ ቀኖና የማይነካ ነው አልልም፤ ነገር ግን በባሕር ጠረፍ ለሚነዳ መኪና የተሰላ ቁጥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ ሲሸጥ፣ ከፋብሪካው ተርፏል የተባለውን ኃይል ደጋው አስቀድሞ እንደ ወሰደው ለገዢው ሊነገረው ይገባል።

ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ በታላቅ ግፊት አጠራቅሞ፣ በኤሌክትሪክ ትእዛዝ በሚከፈትና በሚዘጋ ኢንጀክተር የሚረጨው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1997 በአውሮፓ አውቶሞቢሎች ላይ ለገበያ ከዋለ ወዲህ፣ ስንት ነዳጅ በየትኛው ቅጽበት እንዲረጭ የሚወስነው የብረት ፖምፓ መሆኑ እየቀረ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ የቁጥር ሰንጠረዥ ሆኗል። ፋብሪካውም ይህን ሰንጠረዥ ሲያዘጋጅ ለመጥፎ ናፍጣ፣ ለበረሃ ሙቀት፣ ሳይቀየር ለቆየ ፊልትሮና ለከፍታ ስፍራ ብሎ መጠባበቂያ ይተዋል፤ ሪማፕ አድራጊው ቁጥሮቹን ከፍ አድርጎ የሚሸጠውም ይህንኑ መጠባበቂያ ነው።

አሁን የአገራችንን አየር እንመልከት። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ቢያክል ነው፤ ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ አየሩን እጥፍ አድርጎ በማመቅ የሚበቃውን ግፊት የሚያገኝ ቱርቦ፣ ያንኑ ግፊት በዚህ ለማግኘት ሁለት እጥፍ ከግማሽ የሚያልፍ መታመቅ ይጠይቀዋል፣ ለዚህም ዘንጉ ከልኩ ጫፍ እየተጠጋ መሽከርከር ግድ ይሆንበታል። ጣርማ በር ላይ ሲደርስ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና፣ ነገሩ ይብሳል። በአውሮፓ ሜዳ ላይ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው መጠባበቂያ እንግዲህ በእኛ ዘንድ የሞተሩ የዕለት እንጀራ ሆኗል። በዚህ ላይ ናፍጣው ብቻ ሲጨመርና አየሩ ሳይጨመር የሚመጣውን ማንም ያውቀዋል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጭስ፣ ባለቤቱ ከማደያ በገንዘቡ ገዝቶ ሳይነድ ለመንገደኛው የለገሰው ነዳጅ ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ የከፍታውን ማስተካከያ ሰንጠረዥ ሳይነካ ይተወዋል፤ ከበይነ መረብ የተገዛ ፋይል የሚጭነው ግን ይኖር አይኑር እንኳ አይመረምርም።

ስለ ቁጠባውም ቢሆን ስብከቱ ከግብሩ ይበልጣል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ያስመረመረው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለውጦ ሊቃውንቱን አስደነቀ፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ስንት ጠቢባን ደክመውበት የዛሬው የፒክአፕ ሞተር በተሻለው ሰዓቱ 40 በመቶ ገደማ ደርሷል። እንግዲህ አንድ ጎልማሳ ላፕቶፑን ከፍቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ የናፍጣህን ሲሶ አተርፍልሃለሁ ቢል፣ ይህ ተአምር ከየት እንደ መጣለት መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥቂት ቁጠባ መገኘቱ እውነት ነው፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ሲያገኝ ወደ ላይኛው ማርሽ ፈጥኖ ይሻገራልና፤ ይህም የነጂው እግር ከታገሠ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የፍጆታ ቁጥር ደግሞ ለምስክርነት አይበቃም፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ የሚያሰላው ረጨሁ ብሎ ከሚያስበው ነዳጅ ነው፤ የመርጨቱ ጊዜ በሰንጠረዥ ውስጥ ሲረዝም የሚያስበውና የሚረጨው ይለያያሉ። ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ እንደ ገና ሞልቶ ሊትሩን በኪሎ ሜትር ማካፈል የታመነው መንገድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የካምቢዮው ነገር ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ በውስጡ ያሉትን የፍሪሲዮን ዲስኮች በዘይት ግፊት እያጣበቀና እያላቀቀ ማርሽ የሚለዋውጥ ሲሆን፣ ምን ያህል አጥብቆ መያዝ እንዳለበት የሚያውቀው ራሱ ኃይሉን መዝኖ ሳይሆን፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን ያህል ቶርክ እየላክሁ ነው ብሎ በሚነግረው ቃል ነው፤ ማርሹ በሚለወጥበትም ቅጽበት ሞተሩን ለአፍታ ኃይልህን ቀንስ ይለዋል፣ ልስላሴውም የሚገኘው ከዚህ ስምምነት ነው። ሪማፕ አድራጊው የናፍጣውን መጠን ጨምሮ የሚነገረውን ቁጥር እንደ ቀድሞው ቢተወው፣ ሞተሩ ለካምቢዮው ሐሰት ይናገራል፤ ካምቢዮውም የተነገረውን አምኖ በቀድሞው ግፊት ሲይዝ፣ ዲስኮቹ ጠብቀው ከመያዛቸው በፊት ይንሸራተታሉ። ነገሩን መራራ የሚያደርገው፣ ባለ መኪናው ይህንኑ መንሸራተት ልስላሴ መስሎት አመስግኖ መሄዱ ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ጠቁሮ፣ የመቃጠል ሽታ አምጥቶ፣ ዲስኮቹ ሲበሉ ግን ጥፋቱ የሚጣለው በካምቢዮው ላይ ነው።

የካምቢዮውን የራሱን ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ሲገኝ ሥራው ሌላ መልክ አለው፤ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ጭነት ይዞ የሚወጣ ፒክአፕ በሁለት ማርሾች መካከል ያለ ዕረፍት እንዳይዋልል የመቀየሪያውን ነጥብ ማስተካከል በእውነት የሚያስመሰግን ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ብዙው መንገጫገጭ የሚመጣው ካረጀ ዘይት ነውና፣ ለሰንጠረዥ ከመክፈል በፊት ዘይቱን ማስቀየርና ኮምፒውተሩ የለመደውን አስረስቶ እንደ ገና ማስለመድ ይቀድማል። (ይህ ዘይት ዕድሜ ልክ አይቀየርም የሚሉ ፋብሪካዎች የማንን ዕድሜ እንደ ለኩ አልነገሩንም።)

ፋብሪካም ጻድቅ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 በቮልስዋገን ታይቷል፤ በምርመራ ጊዜ ንጹሕ መስሎ የሚታይ፣ በመንገድ ላይ ግን ሌላ የሆነ ፕሮግራም በዓለም ላይ በ11 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ውስጥ ተገኝቷል። ሰንጠረዥ የሚጽፍ ሁሉ፣ ኩባንያም ይሁን ግለሰብ፣ የጻፈውን ማሳየት አለበት የምለው ስለዚህ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለን መኪና ከቀድሞው ይልቅ ዕድሜ ሊጠየቅ ነው፤ የሞተር ቁጥር በሊብሬ ላይ እንደሚጻፍ ሁሉ የሞተሩ ሰንጠረዥ መለወጡም እዚያው ይጻፍ፤ ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ጭሱ በሊብሬው ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ጋራዡም የፋብሪካውን ፋይል ለባለቤቱ በእጁ ያስረክብ፣ ምን ያህል ቶርክ እንደ ጨመረና ካምቢዮው እስከ ምን ድረስ እንደሚችል በወረቀት ጽፎ ይፈርምበት።