በዓይኑ ያየ ምስክር

እ.ኤ.አ. በ1984 ሐምሌ ወር፣ በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ግዛት በርሊንግተን ከተማ፣ አንድ ሰው በሌሊት ጄኒፈር ቶምሰን የተባለች የ22 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ቤት ሰብሮ ገብቶ ደፈራት። ቶምሰን በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና እንኳ የሰውየውን ፊት ልብ ብላ አጠናች። በሕይወት ከተረፈች ለፍርድ ልታቀርበው ቆርጣ ነበርና።

ፖሊስ ስድስት ፎቶግራፎች ደረደረላት። ደቂቃዎች ወስዳ፣ አንዱን ከሌላው እያስተያየች፣ በመጨረሻ አንዱን ለየች። ጥሩ ሠርታ እንደሆነ ስትጠይቅ መርማሪው በጣም ጥሩ እንደሠራች ነገራት። ቀጥሎ ሰባት ሰዎች በአካል ተሰልፈው ቀረቡላት። በፎቶውም በሰልፉም የነበረው ሮናልድ ኮተን ብቻ ነው። እሱኑ መረጠች፤ ፖሊሶቹም በፎቶ የለየችው ይኸው ሰው መሆኑን አረጋገጡላት። ችሎት ፊት ስትቆም የጥርጣሬ ጭላንጭል አልነበራትም። ኮተን በ1985 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

በ1987 ጉዳዩ እንደገና ሲታይ እውነተኛው ወንጀለኛ፣ ቦቢ ፑል፣ እዚያው ችሎት ቀርቦ ነበር። ቶምሰን ፊት ለፊት አየችው፤ አላወቀችውም። ኮተን ነጻ የወጣው ከአሥር ዓመት ተኩል እስር በኋላ፣ በ1995፣ በዲኤንኤ ምርመራ ነው።

ቶምሰን አልዋሸችም። የጉዳዩ ክብደትም እዚህ ላይ ነው፤ በሐሰት የሚመሰክርን ሰው መስቀለኛ ጥያቄ ሊያጋልጠው ይችላል፣ ከልቡ አምኖ የተሳሳተን ሰው ግን ምን ያጋልጠዋል? የማስታወስ ችሎታ እንደ ካሜራ ያየውን እንዳለ አያስቀምጥም። በተጠየቅን ቁጥር ትዝታችን እንደ አዲስ ይገነባል፤ የጠያቂው ቃልም ከግንባታው ውስጥ ይገባል።

ይህን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም እንዲያዩ ተደረገና ስለ ፍጥነቱ ተጠየቁ። መኪኖቹ «በኃይል ሲላተሙ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር የተባሉት በአማካይ በሰዓት ወደ 65 ኪሎ ሜትር ገመቱ፤ «ሲነካኩ» የተባሉት ደግሞ ወደ 51። በሁለተኛው ሙከራ የተሳተፉ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ ተመልሰው የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ተጠየቁ። «ተላተሙ» የሚለውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 16ቱ አይተናል አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጌሪ ዌልስና ኤሚ ብራድፊልድ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሙከራ ይበልጥ ያስደነግጣል። ተሳታፊዎቹ የአንድ ታጣቂ ምስል ያለበትን የጥበቃ ካሜራ ቅጂ አዩ። ከዚያ ሰውየው በሌለባቸው ፎቶዎች መካከል እንዲለዩት ተጠየቁ፤ ሁሉም አንድ ሰው መረጡ፣ ሁሉም ተሳሳቱ። ከፊሎቹ «ጎበዝ፣ ተጠርጣሪውን ለይተኸዋል» ተባሉ፤ ለሌሎች ደግሞ ምንም አልተነገራቸውም። የተመሰገኑት በኋላ ሲጠየቁ፣ ምንም ካልተነገራቸው ይልቅ፣ ሲመርጡ እርግጠኛ እንደነበሩ፣ ፊቱንም አጥርተው እንዳዩት ተናገሩ። ዳኛ ፊት ቀርበው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልበ ሙሉነት እንደ ማስረጃ ይቆጠርላቸው ነበር። ምንጩ ግን አንድ የምስጋና ቃል ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፎቶውን የሚያሳየው መርማሪ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ አይወቅ። ምስክሩ፣ ወንጀለኛው ከነጭራሹ እዚህ ላይኖር ይችላል ይባል። የመጀመሪያው መልሱና የእርግጠኝነቱ መጠን እዚያው በራሱ ቃል ይመዝገብ። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን የመሰለውን ጥናት ተቀብሎ፣ የዓይን ምስክርነት የሚመዘንበትን መንገድ ቀይሯል።

በኢትዮጵያ ችሎቶችም የሰው ምስክር ትልቅ ቦታ አለው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ምስክር በዋና ጥያቄ ሲመረመር ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ በቀር መልሱን የሚጠቁም መሪ ጥያቄ እንዳይቀርብለት ይከለክላል። ይህ የሚያስመሰግን ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ምስክሩ ችሎት ከመድረሱ በፊት መርማሪ ጠይቆታል፣ ጎረቤት ጠይቆታል፣ ከሌላ ምስክር ጋር በረንዳ ላይ አውርቷል። ሰፈር ውስጥ ስልክ ሲሰረቅ የሚሆነውን ማየት ይበቃል፤ አንድ ወጣት ተይዞ ይመጣና የተሰረቀባት ሴት ዙሪያዋን በከበባት ሰው ፊት «እሱ ነው አይደል?» ትባላለች። ከዚያ በኋላ የምትሰጠው ቃል የማን ነው?

መርማሪዎች ሆይ፣ ምስክሩን «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ሳታሞግሱ፣ ሳታርሙ፣ በተናገረበት ቃል ጻፉ። «ይመስለኛል» ካለ «ይመስለኛል» ተብሎ ይጻፍ። ዳኞችና ጠበቆች ደግሞ ምስክሩ ዛሬ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ምን እንዳለ፣ ማን ፊት እንዳለና ከዚያ በኋላ ምን እንደተነገረው ይጠይቁ።